የፈረንሳይኛ ተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ክፍሌ ቢዘጋስ?

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይኛ ቋንቋ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አንድ ዓመት ይቀረኛል። ውጤቴ ጥሩ ነው። ሐሳቤ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ነበር። አሁን ግን በየአገሩ የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች እየተዘጉ ነው፣ ማስተማሩንም መተርጎሙንም ማሽን እየወሰደው ነው ሲባል እሰማለሁ። ቤተሰቦቼ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ሌላ ትምህርት ቀይሪ ይሉኛል። ልቀይር ወይስ ልቀጥል? ብቀጥል ምን ባደርግ ሥራ አገኛለሁ? ሁለተኛ የውጭ ቋንቋ መጨመርስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ መልሱን አስቀድመን እንንገርሽ፤ ትምህርትሽን አትቀይሪ። መቀየር ያለበት ዕቅድሽ ነው። «በፈረንሳይኛ እመረቃለሁ፣ ማስተርስ እይዛለሁ፣ ከዚያ ትምህርት ክፍሉ ይቀጥረኛል» የሚለው መንገድ ድሮም ጠባብ ነበር፤ አሁን ይበልጥ እየጠበበ ነው። ከጎኑ ሌላ መንገድ ስላለ ግን ጊዜሽን እዚያ ላይ ብታውዪው ይሻላል።

የሰማሽው እውነት ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር በየጊዜው በሚያካሂደው ቆጠራ፣ ከ2016 እስከ 2021 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ለመማር የተመዘገቡት ተማሪዎች በ16.6 በመቶ ቀንሰዋል። ፈረንሳይኛ ለብቻው በ23.1 በመቶ ወርዷል። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 የውጭ ቋንቋ ዲግሪዎቹን ለመዝጋት ወሰነ። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2024 ፈረንሳይኛን፣ ጀርመንኛንና ጣሊያንኛን ጨምሮ የተወሰኑ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞቹን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ።

ነገር ግን በዚያው የአሜሪካ ቆጠራ ኮሪያኛ ለመማር የተመዘገቡት በ38.3 በመቶ ጨምረዋል። ተማሪው ምክንያት ካገኘ አሁንም ይመዘገባል ማለት ነው። ዌስት ቨርጂኒያም ዲግሪዎቹን ሲዘጋ የተወሰኑ የስፓኒሽና የቻይንኛ ኮርሶችን በምርጫ ትምህርትነት አስቀርቷል። ይህን ልብ በይው፤ ለሥራ ፍለጋሽ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። የሚዘጋው፣ ህልውናው በቋንቋው ለመመረቅ በሚመጡ ተማሪዎች ቁጥር ላይ የተንጠለጠለው ትምህርት ክፍል ነው። የነርሲንግ፣ የሕግ፣ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይም የምህንድስና ተማሪዎች የሚወስዱት የቋንቋ ሰዓት ግን ሁልጊዜ ከዲግሪው ጋር አብሮ አይጠፋም፤ ለሁሉም ፋኩልቲ ቋንቋ ወደሚያስተምር የቋንቋ ማዕከል ሊዛወር ይችላል። ቋንቋ ማስተማር ለምትፈልግ ወጣት የሥራ በሩ ይበልጥ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ማሽኑ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው በኖቬምበር 2022 ሲሆን የአሜሪካው የተማሪ ቁጥር ግን ከ2009 በኋላ ሲወርድ የቆየ ነው። እንግሊዝ በ2004 ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በላይ ለሆነ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋን ከግዴታ ትምህርትነት አወጣች፤ በሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ሲሳሳ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰውም ሳሳ። ስለዚህ የአንድን ቋንቋ የነገ ዕጣ ማወቅ ከፈለግሽ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ተመልከቺ። ዛሬ 9ኛ ክፍል ፈረንሳይኛ የሚማሩት ልጆች ቁጥር ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ክፍል ምን ያህል እንደሚሞላ ከማንኛውም ትንበያ በተሻለ ይነግርሻል።

ማሽኑ በርግጥ የለወጠው የቤት ሥራን ነው። ክፍት ቦታ ሙሉ፣ ይህን አንቀጽ ተርጉሙ፣ ስለ አካባቢ ብክለት 300 ቃላት ጽፋችሁ አምጡ የሚሉት የቤት ሥራዎች ተማሪው ምን እንደሚችል መለካታቸው አብቅቷል። ኑሮው በእነዚህ ላይ የቆመ መምህር መጨነቁ ተገቢ ነው። ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው ጋር እንዲነጋገር ማድረግ፣ ደረጃን በትክክል መመዘን፣ ለአንድ ሙያ የሚሆን ኮርስ መቅረጽ፣ ሌሎች መምህራንን ማሠልጠን ግን ባለሙያ ይፈልጋል። ከእንግዲህ የምንመክርሽ ሁሉ ወደነዚህ የሚወስድ ነው።

መጀመሪያ ደረጃሽን እወቂ። ውጤት ጥሩ መሆንና ቋንቋ መቻል ለየቅል ናቸው። ስሌቱን እንሥራው። ፕሮግራምሽ በሳምንት 4 የቋንቋ ሰዓት፣ በዓመት 30 ሳምንት ቢያስተምር 120 ሰዓት ነው፤ በሦስት ዓመት 360። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው የቋንቋ ማዕቀፍ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት። የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ ለእንግሊዝኛ ባስቀመጠው ግምት ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600፣ ሲ1 ለመድረስ ከ700 እስከ 800 በመምህር የሚመራ ሰዓት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠልጣኞቹ ለፈረንሳይኛና ለስፓኒሽ ከ600 እስከ 750፣ ለአማርኛ 1,100፣ ለአረብኛ፣ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ 2,200 የክፍል ሰዓት ገደማ ሲመድብ ቆይቷል፤ የግል ጥናቱ ከዚህ ውጭ ነው። ግምቶቹ እንደ ተማሪው መነሻ ይለያያሉ። ቢሆንም 360 ሰዓት ብቻውን ሲ1 ላይ እንደማያደርስ ግልጽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሲ1 በታች የሆነ የቋንቋ መምህር መቅጠር የለበትም።

በዚህ ላይ የክፍሉ ብዛት አለ። 40 ተማሪ ባለበት የ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መምህሩ አንድ ቃል ባይተነፍስ እንኳ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው ከ75 ሰከንድ አይበልጥም። ብዙ ጎበዝ ተመራቂዎች ቢ2 ላይ ተቸንክረው የሚቀሩት ለዚህ ነው፤ አንብበው ይረዳሉ፣ ፈተና ያልፋሉ፣ አፋቸው ግን አይፈታም። የጎደለው ሰዓት ከክፍል ውጭ መሞላት አለበት።

በሳምንት 6 ሰዓት መድቢለት። ሁለት ጊዜ ለ45 ደቂቃ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ተነጋገሪ፤ ቡድኑ ከሁለት ሰው በላይ ከሆነ የመናገሪያ ጊዜሽ ይቀንሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ በአንድ ርዕስ ላይ ያለ ጽሑፍ 3 ደቂቃ ተናግረሽ በስልክሽ ቅጂ። የተናገርሽውን ቃል በቃል ጻፊ፣ ስህተቱን አስምሪ፣ በማግስቱ ያንኑ ርዕስ ደግመሽ ቅጂ። መጻፉ ያሰለቻል፤ ለውጡ የሚመጣው ግን ከእሱ ነው፤ ምክንያቱም ስንናገር የማንሰማቸውን ስህተቶች ወረቀት ላይ እናያቸዋለን። የቀረውን ሰዓት ለንባብና ለማዳመጥ አውዪው። በራስሽ ቋንቋ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልም ማየትን ግን እንደ ጥናት አትቁጠሪው፤ ዓይን ሲያነብ ጆሮ ሥራ ያቆማል።

ከዚያ ደረጃሽን ከዩኒቨርሲቲሽ ውጭ አስመዝኚ። ለፈረንሳይኛ ዳልፍ ሲ1 የሚባለው የፈረንሳይ መንግሥት የቋንቋ ፈተና ተመራጭ ነው፤ ሰርተፊኬቱ ጊዜ አያልፍበትም። ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ 25 ነጥብ ይይዛል፤ ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50፣ በየክፍሉም ቢያንስ 5 ማምጣት ያስፈልጋል። ተፈታኞችን ሊያስቸግር የሚችለው ብዙ ጽሑፎችን አንብቦ በ200 እና በ240 ቃላት መካከል አጠቃሎ የመጻፉ ክፍል ነው። የተለመዱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው፤ ተፈታኙ የራሱን አስተያየት ይጨምራል፣ ወይም ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይገለብጣል፣ ወይም ጽሑፎቹን ተራ በተራ ያጠቃልላል እንጂ አያገናኛቸውም። መድኃኒቱ ከመጻፍሽ በፊት 15 ደቂቃ ወስደሽ ሠንጠረዥ መሥራት ነው፤ በግራ በኩል ሐሳቦቹን፣ በላይ በኩል ጽሑፎቹን። የትኛው ሐሳብ የትኛው ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ ምልክት አድርጊ፤ ሁለት ምልክት ያገኘ ሐሳብ አንቀጽ ይወጣዋል። ይህ ችሎታ ከፈተናውም በላይ ይጠቅምሻል። የአውሮፓው ማዕቀፍ በ2020 ሲታደስ አንድ ሰው የተናገረውን ወይም የጻፈውን ለሌላው አቅርቦ ማስረዳትን ራሱን ችሎ የሚመዘን ችሎታ አድርጎ በሰፊው አብራርቶታል። የቋንቋ ማዕከላትም አዳዲስ ኮርሶቻቸውን ሲቀርጹ ይህን መነሻ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ቀጥሎ የማስተማሩን ሙያ ያዢ፤ ቋንቋ ማወቅ ብቻውን መምህር አያደርግም። ለሁለተኛ ዲግሪ ሥነ ጽሑፍን ብቻ ከሚያስተምር ፕሮግራም ይልቅ ፈረንሳይኛን ለውጭ ዜጎች ማስተማር ወይም ተግባራዊ ሥነ ልሳን የሚለውን ምረጪ። ሥነ ጽሑፍ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ክፍት ቦታው ሲወጣ የሚጠየቀው ምዘና፣ የኮርስ ቀረጻና የክፍል ልምምድ ስለሆነ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፤ በክትትል ሥር የሚካሄድ እውነተኛ የማስተማር ልምምድ አለ ወይ? ከሌለ ወረቀቱ የሚጠቅምሽ በግማሽ ነው።

ለቅጥር ስትቀርቢ አብዛኛውን ጊዜ የ20 ደቂቃ የማሳያ ክፍለ ጊዜ እንድትሰጪ ትጠየቂያለሽ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ዕውቀታቸውን ለማሳየት ሲሉ የግስ እርባታን 15 ደቂቃ ሙሉ ሰሌዳ ላይ ያብራራሉ፣ ከዚያ «ጥያቄ አለ?» ብለው ይጨርሳሉ። ገምጋሚዎቹ ግን የሚያዩት ተማሪው ስንት ደቂቃ እንደተናገረ ነው። 2 ደቂቃ ለመግቢያ፣ 4 ደቂቃ ለሞዴል ንግግር፣ 9 ደቂቃ ለጥንድ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ለእርማት ብታደርጊው ይበቃል። በጥንድ ሥራው ጊዜ ወንበርሽ ላይ አትቀመጪ፤ እየዞርሽ የሰማሻቸውን አራት አምስት ስህተቶች ጻፊና በእርማቱ ሰዓት ማን እንደተናገራቸው ሳትገልጪ ሰሌዳ ላይ አውጫቸው። ለጥንዶቹ የምትሰጪው ሥራም አንዱ የሚያውቀውን ሌላው የማያውቅበት ይሁን፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ከያዙ የሚነጋገሩበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቅሽም አይቀርም። «እከለክላለሁ» የሚል መልስ አያዋጣም፤ ልትቆጣጠሪው አትችዪምና። «ተማሪዎቼ ይጠቀሙበታል» ማለት ብቻውንም ባዶ ነው። የተሠራ የምዘና ዕቅድ ይዘሽ ግቢ። ለምሳሌ አንድ የጽሑፍ ሥራን በአራት ደረጃ መክፈል ይቻላል። ተማሪው ክፍል ውስጥ ያለ ስልክ በ25 ደቂቃ የመጀመሪያ ረቂቁን በእጁ ይጽፋል። ቤቱ ሄዶ ማሽኑ እንዲያርምለት ያደርጋል። በሚቀጥለው ክፍል ከእርማቶቹ አምስቱን መርጦ የትኛውን እንደተቀበለ፣ የትኛውን እንዳልተቀበለና ለምን እንደሆነ ይጽፋል። በመጨረሻ ከመምህሩ ጋር 3 ደቂቃ ስለ ጽሑፉ ይነጋገራል። ከ20 ነጥብ ለረቂቁ 6፣ ለእርማቱ ትንተና 6፣ ለቃል ማብራሪያው 8 ስጪ። ችግሩ ጊዜ ነው፤ 30 ተማሪ በ3 ደቂቃ ሲባዛ 90 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ የቃሉን ክፍል በሴሚስተር ከሁለት ጊዜ በላይ አታድርጊው፤ በዚያን ዕለት ሌሎቹ ምን እንደሚሠሩም አስቀድመሽ ወስኚ። ይህን ያህል ዝርዝር ያላት አመልካች ክፍሉን ታውቀዋለች ያሰኛል።

ቤተሰቦችሽ ስለ ሌላ ትምህርት የሚሉሽም እውነት አለው፤ ቅያሬ ሳይሆን ጭማሪ አድርገሽ ውሰጅው። ከአንድ ሌላ ሙያ ከአራት እስከ ስድስት ኮርስ ውሰጂ። ጤና፣ ሕግ፣ ሎጂስቲክስ፣ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል፤ መመዘኛው ገበያው አሁን የሚያወራለት መሆኑ ሳይሆን በዚያ ሙያ ሰዎች በፈረንሳይኛ የሚሠሩት ሥራ መኖሩ ነው። ከዚያ ለዚያ ሙያ የ12 ሳምንት፣ በሳምንት የ3 ሰዓት ኮርስ ቅረጪና የመመረቂያ ጽሑፍሽ አድርጊው። ለነርሶች ነው እንበል። ሁለት የነርሲንግ መምህራንን አነጋግሪ፣ ከ10 እስከ 15 እውነተኛ ሰነዶች ሰብስቢ (የታካሚ ስም ያለበትን አትንኪ)፣ ነርሷ በቋንቋው የምትሠራቸውን ተግባራት በዝርዝር ጻፊ። የተለመደው ስህተት ኮርሱን የሰውነት ክፍሎች መዝገበ ቃላት አድርጎ መጀመር ነው። ነርሷ ግን የሚያስፈልጋት ሕመሙ መቼ እንደጀመረ መጠየቅ፣ መልሱን መረዳት፣ ለተረኛ ባልደረባዋ ማስተላለፍ ነው። ቃላቱ ከእነዚህ ተግባራት ይወጣሉ። እንዲህ ያለ የተጠናቀቀ ኮርስ ከነምዘናው በእጅሽ ካለ ለትምህርት ክፍልም፣ ለቋንቋ ማዕከልም፣ ለዓለም አቀፍ ድርጅት የሥልጠና ክፍልም ታቀርቢዋለሽ።

ሥራ ሲገኝ ውሉን በጥሞና አንብቢ። የቋንቋ ማዕከል ቅጥር ብዙ ጊዜ በሰዓት ክፍያ ነው፤ በጣም የምንሰጋልሽም በዚህ ነው። በሳምንት 12 ሰዓት ማስተማር ቀላል ይመስላል። 25 ተማሪ ያላቸው አራት ክፍሎች ከሆኑ ግን አንድ ዙር ጽሑፍ 100 ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢወስድ 25 ሰዓት እርማት ይሆናል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ዝግጅት፣ እርማት፣ ፈተና ማውጣትና መቆጣጠር፣ የተማሪ ምክር ይከፈላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ በሴሚስተር መካከል ባለው ዕረፍት ምን እንደሚሆንም በጽሑፍ ይስፈርልሽ። ተማሪ አልሞላም ተብሎ ክፍል ሲሰረዝ ክፍያው ምን ይሆናል የሚለውንም አትርሺ።

የምታመለክቺበትን ቦታም መርምሪ። ሦስት ነገር ይበቃል፤ ላለፉት አምስት ዓመታት የገቡት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ብዛት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጡት ቋሚ መምህራን ቁጥር፣ ትምህርት ክፍሉ ለሌሎች ፋኩልቲዎች የሚሰጠው የኮርስ ሰዓት። የመጀመሪያው ቁጥር ቢያሽቆለቁልም ሦስተኛው ከፍ ያለ ከሆነ ቦታው ሊሰነብት ይችላል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ የጡረታ ቦታዎች ይሞላሉ ብለሽ ተስፋ አታድርጊ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወጪ የሚቀንሱት የጡረተኛን ቦታ ባለመተካት ነው።

ዶክትሬትን በተመለከተ አቋማችን ጠበቅ ያለ ነው፤ ከኪስሽ ከፍለሽ አትግቢበት። ቋሚ የመምህርነት ቦታ በአብዛኛው ይጠይቀዋል፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ለሙሉ ጊዜው የተሸፈነ ወጪ፣ በርዕስሽ ላይ የሚሠራ አማካሪና በጥናትሽ ወቅት የማስተማር ዕድል ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ ግቢ። ከዚያ ፕሮግራም በቅርብ የተመረቁት የት እንደተቀጠሩ ራሳቸውን ጠይቂያቸው፤ የትምህርት ክፍሉ ብሮሹር አይነግርሽም።

ትርጉም እንደ አማራጭ በሐሳብሽ ካለ፣ የጽሑፍ ትርጉም ሥራ በብዛት ማሽን የተረጎመውን ወደ ማረም ዞሯል፤ ለዚህም አይሶ 18587 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት በ2017 ወጥቷል። ከማስተማር ጎን ለጎን ሊሠራ ይችላል፤ ክፍያውን ግን በቃል ብዛት ከመስማማትሽ በፊት የናሙና ገጽ አርመሽ በሰዓት ስንት እንደሚያወጣልሽ አስይው። መጥፎ የማሽን ትርጉም ማረም ከባዶ ከመተርጎም የበለጠ ጊዜ ይበላል።

ሁለተኛ የውጭ ቋንቋ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ይጠቅማል፤ አሁን ግን አይደለም። ሁለት ቋንቋ ቢ1 ላይ ከመያዝ አንዱን ሲ1 ማድረስ ለማስተማር ሥራ ይበልጣል፤ በቢ1 የሚቀጥርሽ ዩኒቨርሲቲ የለም። ዳልፍ ሲ1ን ካለፍሽ በኋላ ስፓኒሽ፣ ጣሊያንኛ ወይም ፖርቱጋልኛ ብትጀምሪ ከፈረንሳይኛ ጋር ስለሚዛመዱ ማንበቡን ቶሎ ትይዥዋለሽ፤ ፖርቱጋልኛና ስፓኒሽ ከፈረንሳይኛ ጋር የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች ናቸው። ወደ አረብኛ ወይም ቻይንኛ የምትሄጅ ከሆነ ግን ቀደም ብለን ያነሳነውን 2,200 ሰዓት አስታውሺ፤ ግምቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተሰላ ቢሆንም፣ በሳምንት 6 ሰዓት ብታጠኚ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። እንግሊዝኛሽ ከቢ2 በታች ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ቋንቋሽ እሱ ይሁን። የማስተማር ሥነ ዘዴ ጥናቶችና የዓለም አቀፍ ሥራ ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ስለሚወጡ ያለ እሱ ከላይ የዘረዘርናቸውን ግማሹን መከታተል ይቸግርሻል።